የኦኩፔሽናል ቴራፒ ታሪክ፤ ከተቋም ወደ ቤት

ሕክምና ሕይወትን ካተረፈ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ፣ የተረፈው ሰው ቀኑን እንዴት ይውላል የሚለው ነው። በወሊድ ጊዜ ታፍኖ ወይም በማጅራት ገትር ታሞ የተረፈ ሕፃን፣ ከዓመታት በኋላ ጉርሻ ወደ አፉ ለማድረስ፣ ሸሚዙን ለመቆለፍ ወይም ሽንት ቤት ለመቀመጥ ሲቸገር ይታያል። ለዚህ ችግር መልስ የሚፈልገው የሙያ ዘርፍ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። «ኦኩፔሽን» የሚለው ቃል በዚህ አገባቡ የደመወዝ ሥራን ብቻ ሳይሆን ሰው ቀኑን የሚያሳልፍበትን ክንውን ሁሉ ያጠቃልላል። መብላት፣ መልበስ፣ መጫወትና መማር የሕፃን ሥራዎች ናቸው።

የሙያው ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1917 በአሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ በምትገኘው ክሊፍተን ስፕሪንግስ ነው። ከመሥራቾቹ መካከል የአእምሮ ሐኪሙ ዊልያም ረሽ ደንተን፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ኤሊነር ክላርክ ስሌግል፣ እንዲሁም ራሱ በሳንባ ነቀርሳና በግራ ጎን ሽባነት የተሠቃየው አርክቴክት ጆርጅ ባርተን ይገኙበታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮች ሙያውን ይበልጥ ተፈላጊ አደረጉት። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 ተቋቋመ።

በሕፃናት ረገድ ታሪኩ የተለየ መንገድ ተከትሏል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሊትል እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው ጽሑፍ አስቸጋሪ ወሊድን ዛሬ ሴሬብራል ፓልሲ ከምንለው የአካል ጉዳት ጋር አያይዞ ገለጠ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ በርታና ካረል ቦባት ለንደን ውስጥ የጡንቻን ግትርነት በባለሙያ እጅ ለመግራት የሚጥር ዘዴ አስፋፉ። ጂን ኤይረስ እ.ኤ.አ. በ1972 የስሜት ሕዋሳትን መልእክት ስለማቀናጀት የጻፈችው መጽሐፍ ደግሞ ትኩረቱን ወደ መማርና ወደ ባሕርይ አዞረ። ለረጅም ጊዜ የሥራው መነሻ ጉድለቱ ነበር፤ ጡንቻው ሲስተካከል ክንውኑ ይከተላል ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ይህ አመለካከት እየተለወጠ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው የተግባር፣ የአካል ጉዳትና የጤና ምደባ ክንውንንና ተሳትፎን ከአካል ሁኔታ ጎን አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 አውስትራሊያዊቷ አዮና ኖቫክና ባልደረቦቿ ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው 36 ሕፃናት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ለ8 ሳምንታት በወላጅ የተሠራ የቤት ውስጥ መርሐ ግብር የሕፃናቱን ክንውን እንዳሻሻለ አሳዩ። ተመራማሪዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው ሰፊ ግምገማ ግቡን ለይቶ ክንውኑን ራሱን መለማመድን ደገፈ፤ ሕፃኑን ሳያሳትፉ በእጅ ማንቀሳቀስን ግን አልደገፈም።

በኢትዮጵያ የሕፃናት ተሐድሶ በአብዛኛው የተጀመረው በፖሊዮ ምክንያት ነው። የመናገሻው የቼሻየር ቤት እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው በዚሁ በሽታ የተጎዱ ሕፃናትን ለመርዳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ደግሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ስሜት በሌለው እጅ ራሳቸውን ሳይጎዱ እንዲሠሩ በማስተማር የተሐድሶን ሐሳብ አጠናከረ። በክትባት ምክንያት ፖሊዮ ሲመነምን የአንጎል ጉዳትና የዕድገት ችግር ያለባቸው ሕፃናት ጎልተው መታየት ጀመሩ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የከፈቱት የጆይ ኦቲዝም ማዕከል ከቤት ተደብቀው የነበሩ ልጆችን ወደ አደባባይ አወጣ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2017 ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በጀመረው ትብብር በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት ከፈተ።

ይሁን እንጂ ጎንደርና አዲስ አበባ ከአርባ ምንጭ ሩቅ ናቸው። ከጋሞ ደጋ ወርዳ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ሴቻ የደረሰች እናት፣ «መድኃኒት የለውም» የሚል መልስ ብቻ ይዛ ከተመለሰች የልጁ ዕጣ ማጀት ውስጥ መቅረት ይሆናል። ታሪኩ ለጤና ባለሙያው የሚያስተላልፈው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ሙያው ከተቋም ወደ ቤት መሸጋገሩ ባለሙያ በሌለበት ስፍራም ሊጀመር የሚችል ሥራ እንዳለ ያመለክታል።

ሥራው ሦስት መግቢያዎች አሉት፤ ልጁን ማለማመድ፣ ክንውኑን ማቅለል፣ አካባቢውን ማመቻቸት። ቆጮ በእጅ ቆርሶ ለሚበላ ቤተሰብ ግቡ ማንኪያ ሳይሆን ጉርሻ ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ ግን ልጁ አንገቱ ተደግፎ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ተንጋሎ የሚመገብ ልጅ ምግብ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላልና። ልብስ በሚለበስበት ጊዜ እናቲቱ ሁሉንም አልብሳ የመጨረሻዋን እርምጃ ብቻ ለልጁ ትተዋለች፤ እርሷን ሲችል ከመጨረሻው ቀጥላ ያለችውን ትጨምርለታለች። በሸማኔ ቤት ማግ ማድወር ሁለቱን እጆች የሚያስተባብር ጥሩ ልምምድ ነው። ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወስደው ቁልቁለት ግን በልጁ ልምምድ የሚወገድ አይደለም፤ መንገድንና ትምህርት ቤትን ማመቻቸት የኅብረተሰቡ ድርሻ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ተሐድሶን ከችሮታ ይልቅ በመንግሥት ግዴታነት ያስቀምጠዋል። ስለዚህ በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል የሚሠራ ባለሙያ እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥመው፣ ከምርመራው ቀጥሎ ወላጁን «ልጁ በቀን ውስጥ ምን ቢችል ትወዳላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ተሐድሶው ከዚያ ሊጀመር ይችላል።