ጋንና ጠርሙስ፤ ስለ ጠላ ጠማቂዎቻችን ያለፈ ዘመንና የወደፊት ዕድል



ባለፈው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ሐሳብ ተነሥቶ ሳይቋጭ እንደ ቀረ ታስታውሳላችሁ። ሐሳቡም፣ እድራችን በዓመት በዓሉ ቀን ለአባላት የሚያቀርበው ጠላና ቀሪቦ ቀርቶ በምትኩ ቢራና ለስላሳ በሣጥን ይገዛ የሚል ነበር። ደጋፊዎቹ ምክንያት አላጡም። ሣጥን ይቆጠራል፤ ደረሰኝ አለው፤ የተረፈው ይመለሳል፤ ጋን ማጠብ የለ፣ ማጠን የለ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ፣ «ጠላውን የሚጠምቁልን እኮ የራሳችን አባላት የሆኑ እናቶች ናቸው፤ የወር መዋጮአቸውን የሚከፍሉት ከዚያችው ገቢ ነው» አሉ። ሰዓቱ ስለ ገፋ ነገሩ ለዘንድሮ ተላለፈ። እኛም ታዲያ፣ እጅ ከማውጣታችን በፊት ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ብናውቀው ይሻላል ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን።

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች ገበያውን በሞሉበት ዘመን፣ በጓሮው በጋን የሚጠምቅ ሰው መኖር ይችላል ወይ?

እንደሚታወቀው ጠላ ከቤት የማይለይ ሥራ ነበር። ጌሾው ተወቅጦ ከብቅሉ ጋር በውሃ ይጠነሰሳል። ቀጥሎ ቂጣው ተጋግሮ፣ ተቆራርሶ ይገባበትና ድፍድፍ ይሆናል። ከዚያ ተቆልቶ የተፈጨው እህል፣ ማለትም ደረቆቱ፣ ይጨመራል። በመጨረሻም ውሃ ተሞልቶ አፉ ይከደናል። ጋኑም እንዲያው ጋን ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ሳይጠል የሚጠጣው ጉሽ ነው፤ በድጋሚ ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣው ቀጭኑ ቅራሪ ነው። በየአገሩም ዘመድ አለው፤ በጎንደር በኩል ኮረፌ አለ፣ በደቡብ ቦርዴና ሻሜታ አለ። ይህ ሁሉ የሴቶች እጅ ሥራ ነው። የእናት ሙያ ለልጅ ይተላለፍ ነበር እንጂ የተጻፈ መመሪያ አልነበረውም።

ጠጅ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ማር ስለሚጠይቅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ሆኖ ኖረ። በዐፄ ምኒልክ ግቢ ግብር ሲበላ ጠጁ በብርሌ ይታደል ነበር። ድኻው ቤት የነበረው ጠላው ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከየአገሩ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ ቀን ሠራተኛው መጣ። ሚስቱንና ጋኑን አገር ቤት ትቶ የመጣ ሰው ብዙ ነበር። ለዚህ ሰው ነው ጠላ የሚሸጥ ዕቃ የሆነው። ባሏ የሞተባት ወይም ከባሏ የተለያየች ሴት፣ ምንም ገንዘብ ሳይኖራት፣ አንድ ጋን፣ ጥቂት ገብስና የእናቷን ሙያ ይዛ በአጥሯ ላይ ከዘንግ ጫፍ ጣሳ ትደፋለች። ይኸው ነው ማስታወቂያው። ማንበብ የማይችለውም ያነበዋል። የእኛም እድር መሥራቾች የመጀመሪያውን ምክር የመከሩት እንዲህ ባለ ቤት፣ በረጅም አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር።

የመጀመሪያው ጠርሙስ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ሰበታ ላይ ሜታ አቦ ተከተለ። በዚያን ጊዜ ጠላ ቤት አለቀለት ያለ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ነገር ግን አላለቀለትም። ለምን? ቢራ ለብዙው ሰው የሹምና የሀብታም መጠጥ ስለ ነበረ አንደኛ። ሁለተኛ፣ ጠላ ቤት ዱቤ አለ፤ ፋብሪካ ዱቤ አያውቅም። ሦስተኛ፣ ማኅበርና ሰንበቴ፣ ተዝካርና ሠርግ ያለ ጠላ አይታሰብም ነበር፤ የማኅበር ጥዋ በጠርሙስ አይተካም። አራተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ጠላ መንገድ አለመውደዱ ነው። ከደረሰ በኋላ ቶሎ ይሾመጥጣል። ስለዚህ አንድ ቦታ ጠምቆ አገር ለአገር ማዞር አይቻልም፤ እዚያው ሠፈር መጠመቅ፣ እዚያው ሠፈር መጠጣት አለበት። ይህ ነገር ለጠማቂዋ አጥሯ ነው፤ ትልቁ ሰው ገብቶ አይወስድባትም። ያው አጥር ግን እስር ቤቷም ነው፤ ከሠፈሯ ወጥታ አትሸጥም።

አብዮቱ ሲመጣ ፋብሪካዎቹ በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሱ። ሐረር ቢራም በዚሁ መንግሥት ጊዜ፣ በ1970ዎቹ ተተከለ። የአሰላ ብቅል ፋብሪካም የተቋቋመው በዚያው ዓሥር ዓመት ነው። ሆኖም ቢራ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በጸሐፊነት ስንሠራ፣ ልጃቸውን የሚድሩ ሰዎች ጥቂት ሣጥን ቢራ እንዲፈቀድላቸው የድጋፍ ደብዳቤ ሲለምኑ አይተናል፤ በእጃችንም ታይፕ አድርገናል። ጠላ ግን ደብዳቤ አይጠይቅም። ሰዓት እላፊው የማታውን ገበያ ቢያስቀርባቸውም፣ እህልም በኮታ ቢሆንም፣ ጠማቂዎቹ ቀን ቀን እየሸጡ ያን ዘመን አለፉት። እንግዲህ ጠላ ቤት ንጉሡንም፣ ደርግንም፣ ፋብሪካንም ተሻግሮ እዚህ ደርሷል ማለት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የሆነው ግን ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። በደሌ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሥራ ጀመረ። ቢ.ጂ.አይ. የተባለው የፈረንሳዮቹ ካስቴል ኩባንያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቅዱስ ጊዮርጊስን ገዛ፤ ኮምቦልቻም ላይ ፋብሪካ ያዘ። ዳሸን በ1992 ዓ.ም. ጎንደር ላይ መጥመቅ ጀመረ። በ2003 ዓ.ም. የሆላንዱ ሄኒከን ሐረርንና በደሌን በ163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከመንግሥት ገዝቶ፣ ቂሊንጦ ላይ ደግሞ አዲስ ፋብሪካ ሠራና ዋልያን አወጣ። በ2004 ዓ.ም. የእንግሊዙ ዲያጆ ሜታን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ሐበሻ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ራያ ማይጨው ላይ፣ ዘቢዳር ጉብሬ ላይ ተከታትለው ተከፈቱ። ባንድ ጊዜ ገበያው እንደ መርካቶ ተጨናነቀ።

እዚህ ላይ አባላት ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የአክሲዮን ማኅበሮች ነበሩ፤ እንደኛ ያለ ሰው ከደመወዙ ቆጥቦ አክሲዮን የገዛባቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባለ በሺህ የሚቆጠር ሰው ገንዘቡን አዋጣ። ታዲያ መጨረሻቸው ምን ሆነ? በሐበሻ የሆላንድ ኩባንያ ትልቁን ድርሻ ያዘ። ራያንም ቢ.ጂ.አይ. ጠቀለለው። ትልቁ ዲያጆ እንኳ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሶ፣ በመጨረሻ በ2014 ዓ.ም. ሜታን ለዚያው ለካስቴል ሸጦ ከአገራችን የቢራ ፋብሪካ ሥራ ወጣ። የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን በ2011 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ሲከለከል፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው መሸጥም ሲታገድ፣ አዲስ ስም ያለው ቢራ ራሱን የሚያስተዋውቅበት መንገድ ጠበበበት፤ ስሙ አስቀድሞ የታወቀው ግን እንደ ታወቀ ቀረ።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? ትልቁ የሚሸጠውን ያንኑ ዕቃ ይዞ ከትልቁ ጋር የቆመ መካከለኛ ሰው ይዋጣል። ጠርሙስ በጠርሙስ፣ መኪና በመኪና፣ ዋጋ በዋጋ መፎካከር አቅም ይጠይቃል። ትንሹ የሚተርፈው ትልቁ ሊሠራው የማይችለውን ሲሠራ ነው። ቦሌ በኩል በጀርመኖች ዘዴ ቢራውን እዚያው ጠምቆ እዚያው የሚቀዳ ቤት ተከፍቶ ሰው የወደደለት በዚህ ምክንያት ነው፤ አዲስነቱንና ቦታውን ነበር የሚሸጠው እንጂ ጠርሙስ አልነበረም። የእኛ ጠማቂዎች ይህን ዘዴ ያወቁት ጀርመን ሳያስተምራቸው ነው።

እንግዲያው ጠላ ቤቶቻችን ለምን ይዘጋሉ? በኛ ግምት ቢራ አይደለም የሚገድላቸው። አንደኛ፣ የገብስና የጌሾ ዋጋ ነው። የገብስ አገር ገበሬ ዛሬ ለብቅል ፋብሪካ በውል ያመርታል፤ ጠማቂዋ በቁና ስትገዛ ፋብሪካው በመኪና ይጭናል። ሁለተኛ፣ ማገዶው ነው። ሦስተኛና ትልቁ፣ ቤቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ሠፈሮች ፈርሰው ሰው ሲበተን ሁላችንም አይተናል። ከተማው መታደስ የለበትም አንልም። ነገር ግን ጓሮ የሌለው ሰው የት ይጠምቃል? በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጋን አይታጠንም፤ ጎረቤት እሳት ተነሣ ብሎ ይጮኻል።

ከአባሎቻችን አንዷ፣ ስማቸውን አንጠቅስም፣ በጠላ አራት ልጆች አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናት ናቸው። መዋጮ አሳልፈው አያውቁም፤ መዝገቡ ይመሰክራል። ቤታቸው ፈርሶ ወደ ፎቅ ሲገቡ ትልቁን ጋናቸውን በእድራችን ዕቃ ቤት አስቀመጡ። በየወሩ መዋጮ ሊከፍሉ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት፣ «ጋኔ ደኅና ነው ወይ?» ብለው ነው። እኛም፣ «ደኅና ነው እትዬ» እንላቸዋለን። ባለፈው ዓመት ስለ ሣጥኑ ሲነገር እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ምንም አልተናገሩም።

ይህን ብለን የጠማቂዎቹን ጥፋት ብንሸሽግ ግን ታሪክ አይሆንም። ጠላው ገና ሳይደርስ ለገበያ ሲባል የሚቀዳበት ቤት አለ። ጣሳው ሳይታጠብ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር አይተናል። በጠጅም ቤት ቢሆን ማሩ ቀርቶ ስኳርና ቀለም የሚገባበት ሞልቷል። ወጣቱ ወደ ጠርሙስ የሄደው በማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ ጠርሙስ ተከድኖ ስለሚመጣ ይታመናል። እምነት ያጣ ጠማቂ ደግሞ አጥሩን በራሱ እጅ አፈረሰ ማለት ነው። ስካርንም አንደግፍም፤ በጠላም በቢራም ትዳር ሲፈርስ ቀብር ስንወጣም ኖረናል።

በአንጻሩ ተስፋም አለ። ከ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ በየጊዜው የቢራ ዋጋ ሲጨምር ኪሱ የሳሳ ሰው ወደ ጣሳው ሲመለስ እያየን ነው። የተጣራው ፊልተር ጠላ በወጣቶችም ዘንድ ተወዷል። የባህል ምግብ ቤቶች ጠጅ በብርሌ ያቀርባሉ፤ ጠጅ በውጭ አገር እንኳ በጠርሙስ ታሽጎ ይሸጣል። አልኮል ለማይጠጡ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ቀሪቦና ብርዝ አለ። ሐረር ቢራ ሶፊ የተባለውን አልኮል የሌለበት መጠጥ ያወጣው ይህንኑ ፈላጊ አይቶ ነው። እናቶቻችን ቀሪቦውን ከፋብሪካው በፊት ያውቁት ነበር።

ስለዚህ ለዘንድሮው ጉባኤ የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የበዓሉ ቀን መጠጥ እንደ ወትሮው ከአባሎቻችን ይታዘዝ፤ ግን በጽሑፍ ውል ይሁን፣ በሊትር ይለካ፣ ደረሰኝ ይቆረጥለት፤ የሣጥኑ ደጋፊዎች የጠየቁት ቁጥጥር ተገቢ ነውና። ሁለተኛ፣ ከሥራ አስፈጻሚው ሁለት ሰው ጋኑ ሲታጠብና ሲጠነሰስ ይይ። ሦስተኛ፣ ጓሮ ያጡት ጠማቂዎች ተሰባስበው፣ በተራ፣ በእድሩ ዕቃ ቤት ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ እንዲጠምቁ ይፈቀድ፤ ለማገዶውና ለጽዳቱ እነሱው ኃላፊ ይሁኑ። አራተኛ፣ ቀሪቦው ይጨመር፤ ሁሉም አባል የሚጠጣው ነው። ቢራ የፈለገ ሰው በራሱ ገንዘብ ይግዛ፤ ማንም አይከለክለውም።

ትንንሽ ጠማቂዎች መኖር ይችላሉ ወይ ብለን ነበር የጀመርነው። ብቻቸውን ከሆኑ፣ ጓሮ ከሌላቸው፣ ንጽሕናቸው ካልታመነ፣ አይችሉም። ሠፈር ካላቸውና ሠፈሩ ከጠየቃቸው ግን ይችላሉ፤ መቶ ዓመት ችለዋልና። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለም? እድርም የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ሰውን ሲሞት ተሸክመን የምንቀብር ከሆነ፣ በሕይወቱም ሳለ ጋኑን መደገፍ አያቅተንም።

በዚህ ዓመት ለተለዩን አባሎቻችን ነፍስ ይማርልን። ለቀረነው ጤናና ፍቅር ይስጠን።