የመኪና ብልሽትን የመለየት ዘዴ ከየት ወዴት?

እ.ኤ.አ. በ1888 ነሐሴ ወር ወይዘሮ ቤርታ ቤንዝ ባለቤታቸው ካርል ቤንዝ የሠሩትን ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ሳያስፈቅዱ ይዘው፣ ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ከማንሃይም እስከ ፕፎርትስሃይም 106 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ። እንደሚተረከው በመንገድ ላይ የነዳጁ ቱቦ ቢደፈን በባርኔጣቸው መርፌ ጠረጉት፤ የማቀጣጠያው ሽቦ ልባሱ ቢላጥ በእግር ሹራብ ማሰሪያቸው ጠቀለሉት፤ ፍሬኑ አልይዝ ሲል ደግሞ በጫማ ሰፊ እጅ ቆዳ አስመቱበት። ይህ ታሪክ ዘወትር የሚነገረው የወይዘሮዋን ድፍረት ለማሳየት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢን ግን ከድፍረታቸው ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ሞተሩ በቆመ ጊዜ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ማወቃቸው ነው፤ ነዳጁ ይደርሳልን? ፍንጣሪውስ አለን?

በዚያ ዘመን የመኪና ኤሌክትሪክ ከማቀጣጠያው ያለፈ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1912 የካዲላክ ፋብሪካ ቻርልስ ኬተሪንግ ያዘጋጀውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ በመኪናዎቹ ላይ ሲገጥም፣ ሞተር በእጅ ሲያዞር ክንዱ ይሰበር የነበረው ሹፌር ዕረፍት አገኘ፤ ሜካኒኩ ግን ሥራ ተጨመረበት። ከዚያ ወዲህ «መኪናው አልነሣ አለ» የሚለው ስሞታ ሁለት ትርጉም ያዘ። ሞተሩ ከነጭራሹ አይዞርም? ወይስ ይዞራል፣ ግን አይቀጣጠልም? የማይዞር ከሆነ ምርመራው በባትሪው፣ በማሰሪያዎቹና በሞተሪኖው ላይ ያተኩራል፤ የሚዞር ከሆነ በነዳጁ፣ በፍንጣሪውና በሲሊንደሩ እመቃ ላይ። ክፍፍሉ ቀላል ይምሰል እንጂ ይህን ባለመለየት ብቻ ስንት ደኅና ባትሪ ተጥሏል! በደንብ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ያለ ሥራ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ማሰሪያው ከዛገ ግን ይህ ኃይል ከሞተሪኖው ሳይደርስ ይቀራል።

ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል በእንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ አማካይነት ለዳግማዊ ምኒልክ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። የጋራዡ ቋንቋ ግን በአብዛኛው የተወረሰው ከጣሊያንኛ ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ከገቡት የጭነት መኪኖችና ከዚያም በኋላ እዚሁ ከቀሩት ጣሊያናውያን ሜካኒኮች። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው። የሥልጠና መጻሕፍቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ናቸው። በዚህ ምክንያት ሠልጣኙ በሁለት ቋንቋዎች መካከል ይቆማል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለምልከታ በሄደበት አንድ የሥልጠና ሥፍራ፣ የፊት መብራቱ የደከመ መኪና ለፈተና ቀርቦ ነበር። ሠልጣኙ አምፖሉን ለወጠ፣ ባትሪውን ለካ፣ ዝምም አለ። በአጠገቡ የቆሙት የዕድሜ ባለጸጋ ሜካኒክ «ማሳውን እይ፣ ልጄ» አሉት። ወጣቱ ቃሉን አላወቀውም። ስለ «ግራውንድ» ግን በጽሑፍ ፈተናው ላይ በሚገባ መልሶ ነበር! መልሱ በእጁ ሳለ ስሙ አሳተው። የሚሠለጥኑት መምህራን ሁለቱንም ስም ይዘው ካልወጡ፣ የሚያስተምሯቸውም ልጆች በዚሁ ይቸገራሉ።

በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ለገበያ በሚቀርቡ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው የብልሽት መመርመሪያ ሥርዓት፣ ችግሩን በኮድ መዝግቦ ለመሣሪያ ያሳያል። ከዚህ የተነሣ፣ ፑንቲና ያለውን አሮጌውን የማስተማሪያ ሞተር ከሠርቶ ማሳያው አውጥተን በምትኩ መመርመሪያ መሣሪያ እንግዛ የሚል አሳብ በባልደረቦቻችን ዘንድ ተነሥቷል። መሣሪያው ይገዛ፤ በዚህ ክርክር የለም። አሮጌው ሞተር ይውጣ የሚለውን ግን ይህ ጸሐፊ አይቀበለውም። ፑንቲናው ሲከፈትና ሲዘጋ በዐይን ይታያል፤ ክፍተቱ፣ እንደ ሞተሩ ዓይነት 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በስስ ብረት ይለካል፤ ሠልጣኙ ፍንጣሪ ለምን እንደሚጠፋ ጠፍቶ ያየዋል። በታሸገ የኤሌክትሮኒክ ክፍል ውስጥ ይህ ሁሉ አይታይም።

ኮዱም ቢሆን የሚናገረው ምልክቱን እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይደለም። ለምሳሌ «ፒ 0301» የሚለው ኮድ አንደኛው ሲሊንደር በትክክል እንዳልተቀጣጠለ ብቻ ያስታውቃል። ሠልጣኞቻችን ይህን ሲያነቡ አብዛኛውን ጊዜ ቦቢና ይግዛ ይላሉ። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና ባለው ሞተር ላይ ግን የአንደኛውን ቦቢና ከሁለተኛው ጋር አለዋውጦ ኮዱን እንደገና ማንበብ ምንም ወጪ አይጠይቅም። ኮዱ ወደ «ፒ 0302» ከተዛወረ ቦቢናው ይለወጣል፤ በነበረበት ከቀረ ካንዴላው ይፈታል፣ ከዚያም ነዳጅ መርጫው፣ በመጨረሻም እመቃው ይለካል።