ጀርባ የሌለው ዛጎል

በሐረር ጀጎል ውስጥ፣ በአንድ የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ስፌቶች አንዱ ዓይኔን ያዘው። ጠርዙ በቆዳ ተለብጧል፤ በቆዳው ላይ ነጫጭ ዛጎሎች ተሰልፈው ተሰፍተዋል። ቆዳው በእርጅና ተበልቶ አንዳንዶቹ ሊወድቁ ደርሰዋል።

«የአያቴ ነው» አሉኝ የቤቱ እመቤት። «ቆዳው ስላለቀ ዛጎሉን ፈትተን በሌላ ጌጥ ልንቀይረው ነው።»

«ዛጎሉ ከየት የመጣ ነው እናቴ?»

«ከባሕር ነዋ! ሌላ ከየት ይመጣል?» ብለው ሳቁ።

እኔ ግን ከየትኛው ባሕር እንደሆነ ነበር ማወቅ የፈለግሁት። ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ የባሕር ጌጥ ስታጌጥ፣ ከጌጡ በስተጀርባ መንገድ አለና።

በጥንቱ ንግድ ስመ ጥር የሆኑት ዛጎሎች በተለይ ሁለት ናቸው። አንደኛው ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ጎንና ጎኑ ጉብ ጉብ ብሎ ማዕዘን የያዘ ነው፤ በማልዲቭስ ደሴቶች እንደ አሸዋ የበዛው፣ በብዙ አገር በገንዘብነት ያገለገለው እርሱ ነው። ሁለተኛው ለስላሳና እንቁላል መሳይ ሲሆን በጀርባው ላይ ወርቃማ ቀለበት ይዞራል፤ በምሥራቅ አፍሪቃ ጠረፍ ይበዛል። የሁለቱም ሆድ ጥርስ ባወጣ ስንጥቅ የተከፈለ ነው።

ችግሩ ዛጎል ከመሰፋቱ በፊት ብዙ ጊዜ ጀርባው መቆረጡ ነው፤ ክር እንዲያልፍበትና ቆዳው ላይ እንዲተኛ። ያን ጊዜ ወርቃማው ቀለበት አብሮ ይጠፋል። የቀረው ምስክር የጠርዙ ቅርጽ ብቻ ነው። የስፌቱን ዛጎሎች አንድ በአንድ አየኋቸው፤ አብዛኞቹ ሞላላ ሲሆኑ ሦስቱ ጎናቸው ጉብ ያለ ነበር። ሁለቱም ዓይነት በሁለቱም ስፍራ ስለሚገኙ አንድ ዛጎል ብቻውን አገሩን አይናገርም። የሚመሰክረው ብዛትና የተገኘበት ቦታ ነው።

ቦታው ደግሞ ብዙ ይናገራል። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባለችው ሐርላ፣ ነዋሪው ግዙፍ ሰዎች የሠሯት ከተማ ነበረች ይል ነበር። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ቲሞቲ ኢንሶል የመሩት ቡድን በ2017 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ባደረገው ቁፋሮ ግን የተገኘው የግዙፎች ሳይሆን የነጋዴዎች አሻራ ነው። የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የመስታወት ዶቃ፣ ከቻይናና ከየመን የመጣ የሸክላ ስባሪ፣ ከባሕር የመጣ ዛጎል ተገኝቷል። ሐረር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ግንብ ከመከበቧ በፊት፣ በዚህ ምድር የባሕሩ ዕቃ ይመላለስ ነበር ማለት ነው።

በኋላም ሐረር በዘይላ በኩል ከባሕር ጋር ተገናኝታ ኖረች። ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 (እ.ኤ.አ.) ወደ ከተማይቱ የገባው ከዘይላ ተነሥቶ ነው። የሐረር አሚሮች የራሳቸውን መሐለቅ ይቀርጹ ስለነበር፣ ዛጎል እንደ ሌላው አገር የገበያ ገንዘብ ሊሆን አላስፈለገውም፤ ጌጥ ሆኖ ቤት ገባ። በ1902 (እ.ኤ.አ.) የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ሐዲዱን ተከተለ፤ የዘይላ የግመል መንገድም እየሳሳ ሄደ።

ግመሉና ነጋዴው ካለፉ በኋላ የቀረው ይህን የመሰለ የግድግዳ ስፌት ነው። ጌጡን የሰፉት አያት ስለ ማልዲቭስ ሰምተው ላይሆን ይችላል፤ ግን መርፌያቸው ሩቅ ባሕርን ከሐረር ሣር ጋር ሰፍቶታል። ዛጎሎቹ ተፈትተው በሣህን ውስጥ ቢደባለቁ ዛጎልነታቸው አይጠፋም። የማን እንደነበሩና የት እንደነበሩ ግን ይጠፋል፤ ጀርባቸው አንድ ጊዜ ተቆርጧልና፣ ይህ ሁለተኛው ቁርጠት ይሆናል።

ይህንኑ ለእመቤቲቱ ነገርኳቸው። ስፌቱን ከግድግዳው አውርደው በጉልበታቸው ላይ አኖሩትና ጉብ ያሉትን ሦስቱን በጣታቸው ፈለጉ።

«እንግዲያስ ቆዳው ይታደሳል» አሉ፤ «እነዚህን ግን በየቦታቸው መልሼ እሰፋቸዋለሁ።»