የንግድ መርከብ መኮንኖች አመላመልና ሥልጠና

ለረጅም ዘመን የንግድ መርከብ መኮንን የሚወጣው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከመርከብ ላይ ነበር። ተለማማጁ ገና በልጅነቱ ተቀጥሮ ለዓመታት ገመድ ሲስብ፣ ሸራ ሲሰበስብና ጭነት ሲደለድል ይቆያል። ለመኮንንነት መብቃቱን የሚወስነው የመርከቡ ባለቤት ወይም ካፒቴን እንጂ ፈተና አልነበረም።

ይህ ልማድ ያስከተለው ጉዳት በብሪታንያ በይፋ ተመረመረ። እ.ኤ.አ. በ1836 ስለ መርከቦች መስጠም ያጣራው የፓርላማ ኮሚቴ፣ ከአደጋዎቹ ምክንያቶች መካከል የካፒቴኖችና የመኮንኖች ችሎታ ማነስና ስካር እንደሚገኙበት አስታወቀ። በ1850 የወጣው ሕግ ወደ ውጭ አገር የሚጓዙ መርከቦች ካፒቴኖችና ምክትሎቻቸው ተፈትነው የብቃት ምስክር ወረቀት እንዲይዙ አዘዘ። የእንፋሎት ሞተር የሸራን ቦታ እየያዘ ሲሄድም፣ በ1862 የወጣው ሕግ ግዴታውን ወደ መርከብ መሐንዲሶች አስፋፋ።

ይሁን እንጂ መመዘኛው ከአገር አገር ይለያይ ነበር። የባሕርተኞችን የሥልጠና፣ የምስክር ወረቀትና የተራ ጥበቃ ደረጃ በዓለም አቀፍ መልክ የወሰነው ስምምነት በ1978 ለንደን ላይ ጸደቀ፤ በ1984 ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1995 እና በ2010 በሰፊው ተሻሻለ። ስምምነቱ የቀለም ትምህርትን ቢያጠናክርም የጥንቱን የባሕር ላይ ልምምድ አልሻረም። በጸደቀ የሥልጠና ፕሮግራም የሚያልፍ የመርከብ አመራር ዕጩ ቢያንስ 12 ወር በባሕር ላይ ማገልገል አለበት። የሞተር ክፍል ዕጩ በወርክሾፕና በመርከብ በድምሩ 12 ወር ይሠለጥናል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 6 ወሩ በባሕር ላይ የሚፈጸም ነው። የሠራው ሥራም በሥልጠና መዝገቡ ላይ ተመዝግቦ በተቆጣጣሪው መኮንን ይረጋገጣል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1956 ምጽዋ ላይ የተከፈተው ኮሌጅ የተቋቋመው ለባሕር ኃይል ነበር። የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት በ1964 ተመሥርቶ በ1966 አገልግሎት ጀመረ። ኤርትራ በ1993 ነፃ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፣ የንግድ መርከቦቿ ሰንደቅ ዓላማዋን ይዘው መጓዛቸውን አላቋረጡም። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የባሕርተኞች ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ማሠልጠኛው የሜካኒካልና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ምሩቃንን እየመለመለ፣ በጣና ሐይቅ ዳር በአጭር ኮርስ አሠልጥኖ ለውጭ አገር የመርከብ ኩባንያዎች ማቅረብ ጀመረ። የባሕር በር የሌላት አገር በዲግሪ ላይ የባሕር ሙያ ልትጨምር እንደምትችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ዋናው ችግር ያለው ከኮርሱ በኋላ ነው። አንድ ካዴት መርከብ ላይ ለመውጣት መኝታ፣ በሕይወት አድን ጀልባው ውስጥ መቀመጫና ሥራውን የሚከታተልለት መኮንን ያስፈልጉታል። መርከቡ ሊያሳፍር የሚችለው ሰው ቁጥር በደኅንነት መሣሪያዎቹ መጠን የተወሰነ ነው። መርከብ ያላገኘ ምሩቅ ዲግሪውን እንደያዘ ይቀራል፤ የብቃት ምስክር ወረቀቱን ግን አያገኝም። ጊዜ በረዘመ ቁጥርም የተማረው ይደበዝዛል፣ ተስፋውም ይመነምናል።

ስለዚህ የምልመላው ዕቅድ ከክፍሉ ወንበር ብዛት ሳይሆን ከተረጋገጠው የመርከብ ላይ ቦታ መነሣት ይኖርበታል። ከመቶ ሰባ ዓመታት በላይ የተለወጠው የመኮንኑ ትምህርትና ፈተና ነው፤ በባሕር ላይ የሚጠበቅበት አገልግሎት ግን ዛሬም በሌላ ነገር አልተተካም።