የግሎ ፕላግ ታሪክና የደጋው አየር፤ ከቢቸናና ከሞጣ ከፍታ ሲታይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሻገር መኪና ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል። ከዚያ ቁልቁል ወርዶ የዓባይን ድልድይ ሲረግጥ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ግድም ያሽቆለቁላል፤ ደጀን ሲወጣም እንደገና የቀድሞውን ከፍታ ይይዛል። ከደጀን ወደ ቀኝ ታጥፎ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ እስኪገባ ድረስም ይህን ደጋ እምብዛም አይለቅም። ሾፌሩ በዚህ ጉዞ የሚጠነቀቀው ለገደሉና ለጠመዝማዛው መንገድ ነው፤ ሞተሩን የሚፈትነው ግን አየሩ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ሲሆን፣ የአየሩ ጥግግትም ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ከዚያም በላይ አጥቷል። ለአንድ ሲሊንደር ይህ ማለት በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ኦክስጂን በዚያው ልክ መጉደሉ ነው።

በመኪናና በወፍጮ ሞተር ረገድ የከፍታ ነገር ለሙያ ባልደረቦች አዲስ አይደለም። ከሞተሮች ሁሉ ያነሰው፣ ከፍታውም እጅግ የሚሰማው የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ልጆች መጫወቻ ተቆጥሮ ይታለፋል። ይህ አስተያየት ትክክል አይደለም። የሞተር ቃጠሎ በምን እንደሚጀመርና በማን እንደሚታዘዝ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው፣ የዚህን ትንሽ ሞተር ያህል ገልጦ የሚያሳይ መምህር ማግኘት ያስቸግራል። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለውም የጣት ጫፍ በምታህል አንዲት ዕቃ ላይ ነው፤ እርሷም ግሎ ፕላግ ትባላለች።

በቅድሚያ የስሟ ነገር መለየት አለበት። በጋራዥ ቋንቋ ካንዴላ የሚባለው በቤንዚን ሞተር ላይ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው ነው። ግሎ ፕላግ ብልጭታ የላትም፤ በውስጧ ያለችው ጥምዝ ሽቦ ትግላለች እንጂ። በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ዘመዳሞች ስላሉ ማምታታት ይመጣል። አንደኛዋ የዲዝል መኪና ናት፤ የቀዘቀዘውን የቃጠሎ ክፍል በባትሪ ኃይል አሙቃ ሞተሩ ሲነሣ ሥራዋ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያቀጣጥለው እመቃው ራሱ ነው። ሁለተኛዋ የሞዴል ሞተር ናት፤ ባትሪው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ሳትጠፋ ሞተሩ እስኪቆም ድረስ እያንዳንዱን ቃጠሎ የምታስጀምረው እርሷ ነች። ያለ ባትሪ እንዴት ጋለች የሚለው ጥያቄ የታሪኩ እምብርት ነው።

መልሱ የሞዴል ሞተር ከመፈጠሩ በፊት ተገኝቷል። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1817 እ.ኤ.አ. የጋለ የፕላቲኒየም ሽቦ ተቀጣጣይ ጋዝና አየር በተቀላቀሉበት ዕቃ ውስጥ ሲገባ ነበልባል ሳይኖር እንደ ጋለ እንደሚቆይ አሳየ። ከስድስት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ዮሐን ዶበራይነር ሃይድሮጂን በፕላቲኒየም ላይ ሲነፍስ እሳት የሚያያዝበትን መሣሪያ ሠራ። ማዕድኑ ራሱ ሳይነድ የሌላውን መንደድ ያፋጥናል ማለት ነው። በ1880ዎቹ ዳይምለርና ማይባኽ ሞተራቸውን ከውጭ በነበልባል በሚግል ቱቦ ሲያስነሡ፣ በ1890 አክሮይድ ስቱዋርት በእንግሊዝ አገር የጋለ ጉልላት ያለበትን ሞተር አቀረበ። የቃጠሎው ጊዜ በሰው እጅ ሳይሆን በብረቱ ሙቀት የሚወሰንበት መንገድ በዚህ ተቀየሰ። የመኪና ሠሪዎች ወደ ብልጭታው ሲያዘነብሉ ይህ መንገድ ለብዙ ጊዜ ተዘንግቶ ቆየ።

እንደገና ያስታወሱት ሞዴል ሠሪዎች ናቸው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በፊላዴልፊያ ከተማ፣ ቢል ብራውን የተባለ ወጣት ብራውን ጁኒየር የተሰኘውን 10 ሲሲ ያህል የቤንዚን ሞተር ሲያወጣ ሞዴል አውሮፕላን ከላስቲክ ጥምዝ ተላቆ በእውነተኛ ሞተር መብረር ጀመረ። ይሁን እንጂ ያ ሞተር የሚነሣው በብልጭታ ነበር። ብልጭታው ደግሞ ኮይል፣ ኮንደንሰርና ባትሪ ይሻል፤ የእነዚህ ሁሉ ክብደት አንዳንድ ጊዜ ከሞተሩ ክብደት የሚተናነስ አልነበረም። በሌላ አነጋገር አውሮፕላኑ ከሚያበረው ሞተር ሌላ፣ ሞተሩን የሚያስነድደውንም ጭነት ተሸክሞ መውጣት ግድ ሆኖበት ነበር። በ1947 አሜሪካዊው ሬይ አርደን የፕላቲኒየም ቅይጥ ጥምዝ ሽቦ ያለባትን ግሎ ፕላግ ለገበያ ሲያበቃ ያ ሁሉ ጭነት በአንድ ጊዜ ወረደ። ባትሪው ምድር ላይ ቀረ። ነዳጁም ከቤንዚን ወደ ሜታኖል ተለወጠ፤ ምክንያቱም ፕላቲኒየም ከሜታኖል ትነት ጋር ሲገናኝ ሙቀቱን ጠብቆ መቆየት ይችላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የብልጭታ ሞተር ከአዳዲስ ሞዴሎች ላይ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ከዚያም ሊሮይ ኮክስ 0.8 ሲሲ ገደማ የሆኑትን ጥቃቅን ሞተሮች፣ ሽቦዋን ከራስጌው ጋር አንድ አድርጎ በብዛት አመረተ፤ ግሎ ፕላግም በየቤቱ ገባች።

ይህ በሚሆንበት ጊዜ ኢትዮጵያ ትላልቆቹን አውሮፕላኖች መልመድ ጀምራ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት በሲ-47 አውሮፕላኖች ሥራ ጀመረ። ሞጣም የማረፊያ ሜዳ ከነበራቸው የአገር ውስጥ ከተሞች አንዷ ነበረች። ለምሥራቅ ጎጃም ሰው የአውሮፕላን ድምፅ ሁልጊዜ የመንገደኛ ድምፅ እንዳልነበረም ማስታወስ ይገባል፤ በላይ ዘለቀ በቢቸና ምድር ፋሺስቶችን ሲዋጋ በነበረበት ዘመንም ሆነ በ1960 ዓ.ም. በግብር ምክንያት የጎጃም ገበሬዎች በተነሡበት ጊዜ ከሰማይ የወረደው ቦምብ ነው።

ወደ ሞተሩ ስንመለስ፣ ዲሲ-3 በመባል የሚታወቀው የዚያ አውሮፕላን ዝርያ በሁለት ሞተሮቹ 28 ሲሊንደሮች አሉት፤ ለእያንዳንዱም ሁለት ካንዴላ ስለሚገባ በአንድ አውሮፕላን ላይ 56 ካንዴላዎች ይቈጠራሉ። ብልጭታውን በተወሰነ ሰዓት የሚሰጥ ማግኔቶ አለው፤ የሳሳውን አየር አጥብቆ የሚያስገባ ሱፐርቻርጀርም ተገጥሞለታል። ስለዚህ የደጋውን ማረፊያ ይቋቋመዋል። የሞዴሉ ሞተር ከነዚህ አንዱም የለውም፤ ያለችው አንዲት ሽቦ ብቻ ነች። በዚህም የተነሣ ለታላቁ አውሮፕላን የበረራ ጉዳይ የሆነው ከፍታ ለትንሹ የመነሣት ወይም ያለመነሣት ጉዳይ ይሆንበታል።

የሞዴል ሞተር ቃጠሎ የሚጀምርበት ቅጽበት የሚወሰነው ሽቦዋ በምትይዘው ሙቀት፣ በእመቃው ብርታት፣ በነዳጁ ድብልቅና በሚሳበው አየር መጠን ነው። አንዱ ሲጎድል ሌላው ሊካስ ይገባል። በቢቸናና በሞጣ ከፍታ አየሩ ስለሚያንስ በእመቃው መጨረሻ ላይ የሚገኘው ግፊት ይቀንሳል፤ ቃጠሎውም ይዘገያል። ሞተሩ በባትሪ ይነሣና ባትሪው ሲነቀል ይዳከማል፤ አለዚያም ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ልምድ የሌለው ሰው ካንዴላዋ ተበላሽታለች ብሎ ይጥላታል። ከመጣሏ በፊት ግን የነዳጅ መርፌው መታየት አለበት። በባሕር ዳርቻ አገር የተስተካከለ መርፌ ደጋ ላይ ሲወጣ አየሩ ስላነሰ ነዳጁ በዝቶ ይገኛል፤ የበዛው ነዳጅ ሽቦዋን ያርሳታል፤ የራሰች ሽቦም ትቀዘቅዛለች። መርፌው ጥቂት ሲጠብ ያልታመመችው ካንዴላ ትድናለች።

መርፌው ተስተካክሎም ድካሙ ካልለቀቀ የምርጫው ተራ ይመጣል። ግሎ ፕላጎች በሙቀት አያያዛቸው ሞቃት፣ መካከለኛና ቀዝቃዛ ተብለው ይለያሉ። ለአነስተኛ ሞተር፣ ናይትሮሜቴን ላነሰበት ነዳጅና ለሳሳ አየር ሞቃቷ ትመረጣለች፤ ለትልቅ ሞተር፣ ናይትሮሜቴን ለበዛበት ነዳጅና ለጥብቅ እመቃ ደግሞ ቀዝቃዛዋ። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚነድ ሙቀቷን ረዘም ላለ ጊዜ የምትይዝ ልዩ ዓይነት ይሻል። ስለዚህ ፋብሪካው ለቆላ አገር መካከለኛ ያዘዘለትን ሞተር ሞጣ ላይ በአንድ ደረጃ ሞቃት በሆነችው መጀመር ይበጃል። ያም ካልበቃ ከቴስታታው ሥር ካሉት ስስ ሮንዴላዎች አንዱን አውጥቶ እመቃውን ማጥበቅ ይቻላል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን የጠፋው ኃይል ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ አየሩ ያልሰጠውን ሽቦ አይሰጥምና።

ምርጫው ትክክል መሆኑን ራሷ ካንዴላዋ ትመሰክራለች። ከጥቂት በረራ በኋላ ተፈትታ ስትታይ ሽቦዋ ብሩህና ቅርጿን የጠበቀች ከሆነች ተስማምታለች፤ ተጣምማና ተጨፍልቃ ከተገኘች ነዳጁ አንሷል ወይም እመቃው በዝቷል፤ እርጥብ ከሆነች መርፌው ሰፍቷል።

የፕላቲኒየሙ ነገር ለኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ሌላም ትርጉም አለው። በወለጋ፣ በዩብዶ፣ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አንሥቶ ፕላቲኒየም ሲወጣ ኖሯል። ከሜታኖሉ ጋር የሚቀላቀለው የሞዴል ሞተር ዘይትም የጉሎ ዘይት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሚሽከረከሩት የአውሮፕላን ሞተሮች ይህንኑ ዘይት የመረጡት በቤንዚን ስለማይሟሟ ነበር፤ የሞዴሉ ሞተር ደግሞ የመረጠው በሜታኖል ስለሚሟሟ ነው። ኢትዮጵያ የጉሎ ጥንተ አገር ከሚባሉት አንዷ ስትሆን፣ እናቶች ፍሬውን ለምጣድ ማሰሻ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ማዕድኑም ዘይቱም በአገር እያሉ ካንዴላዋ ከኦሳካና ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ስትጠበቅ ኖረች፤ ሊቆጭ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ብልሃተኛ ሰው ከኤሌክትሪክ ምድጃ ጥምዝ ሽቦ ቆርጦ የተቃጠለችውን ሊተካ ይሞክር ይሆናል። ያ ሽቦ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው፤ በባትሪ ደኅና አድርጎ ይግላል፤ ባትሪው ሲነቀል ግን ሜታኖሉ የሚያግዘው ፕላቲኒየም ስለሌለ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። የዲዝል ካንዴላም በሽፋኗ ውስጥ የያዘችው ሽቦ ከፕላቲኒየም አይደለም፤ በዚያ ላይ ጥርሷም ቮልቷም ለሞዴል አይገጥምም።

የዲዝሏ ዘመድ በደጋው ያላት ታሪክ ግን ቀላል አይደለም። ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዲዝል የወጡት የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ካንዴላዎቻቸው በተከታታይ የተያያዙ ነበሩ፤ ከአራቱ አንዷ ስትበጠስ ሦስቱም አይግሉም። የጥቅምት ውርጭ በወረደበት ጠዋት አራቱን ከመግዛት በፊት የተበጠሰችውን አንዷን ለይቶ ማውጣት ገንዘብም ጊዜም ያድን ነበር። በገጠር ወፍጮ ቤቶች የታወቀው የሊስተር ዓይነት ሞተር በበኩሉ ሽቦም አልፈለገም፤ በራስጌው ላይ ያለው ቫልቭ ሲጠብቅ የቃጠሎው ክፍል ጠብቦ እመቃው ይበረታል፤ በእጅ እየተሽከረከረም ይነሣል። ሞዴል ሠሪው ሮንዴላ አውጥቶ የሚያገኘውን ውጤት ወፍጮኛው ቫልቭ አጥብቆ ያገኘዋል።

እንግዲህ ዕቃዋን ለማግኘት የሚጽፍ ሰው «ግሎ ፕላግ» ብሎ ብቻ ቢያዝ የመኪና ሊላክለት ይችላል። ለሞዴል መሆኑ፣ የሞተሩ መጠን በሲሲ፣ የጥርሱ ልክ (አብዛኞቹ ሩብ ኢንች ስፋትና በአንድ ኢንች 32 ጥርስ አላቸው)፣ አንገቷ ረጅም ወይም አጭር መሆኑ፣ የሙቀት ደረጃዋ፣ በመጨረሻም የሚበረርበት ከፍታ ሊጻፍ ይገባል። የደረጃ ቁጥሮች ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያሉ፤ ለምሳሌ በጃፓኑ ኤንያ ቁጥር 3 ሞቃት ስትሆን ቁጥር 6 ቀዝቃዛ ናት፤ በሌላው ፋብሪካ ቁጥሩ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። የመዳብ ሮንዴላዋም አብራ መታዘዝ አለባት።

ለማጋል የሚበቃት 1.5 ቮልት ነው። በመኪና የ12 ቮልት ባትሪ ላይ የተሞከረች ካንዴላ ወዲያው ትቃጠላለች። በየሱቁ የሚገኘው ባትሪ ድንጋይ ቮልቱ ልክ ቢሆንም ሽቦዋ እስከ ሦስት አምፔር ስለምትስብ አንዱ ብቻውን ቶሎ ይደክማል፤ ትላልቆቹን ሦስት ወይም አራት ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ አድርጎ ጎን ለጎን ማያያዝ ይሻላል። ሜታኖሉም ቀለሙ እንደ አረቄ ጥርት ያለ፣ ቢጠጣ ግን ዓይን የሚያጠፋና የሚገድል መርዝ ስለሆነ ምልክት በተጻፈበት ዕቃ ተቈልፎ መቀመጥ አለበት።

ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የሊቲየም ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር የሞዴሉን ዓለም ከሞላ ጎደል ወርሰውታል። አርደን ከአውሮፕላኑ ያወረደው ባትሪ ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሶ ተሳፈረ። የኤሌክትሪክ ሞተር ኦክስጂን ስለማይሻ በሞጣም በባሕር ዳርቻም አንድ ዓይነት ኃይል ይሰጣል፤ የሳሳውን አየር የሚቀምሱት ፕሮፔለሩና ክንፉ ብቻ ሆነዋል።