ግሬፕ

ግሬፕ በጽሑፍ ፋይል ውስጥ የተሰጠውን ቃል ወይም የፊደላት ቅደም ተከተል ፈልጎ፣ የተገኘበትን መስመር ሙሉውን የሚያሳይ የኮምፒውተር መሣሪያ ነው። ኬን ቶምፕሰን በቤል ላብራቶሪዎች ዩኒክስ ለተባለው ስርዓተ ክወና የሠራው ሲሆን፣ ይፋ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ዛሬ በሊኑክስና በማክ ላይ አብሮ ይመጣል። የዘወትር ተጠቃሚዎቹ የሰርቨር ባለሙያዎች ናቸው፤ ሲስተም ሲቆም ረጅሙን የሎግ ፋይል በዓይን ከማሰስ ይልቅ የስህተት መልእክት ያለባቸውን መስመሮች ብቻ፣ ሲያስፈልግም ከነቁጥራቸው፣ ያወጡበታል።

ለአማርኛ ጽሑፍ ግን ጥንቃቄ ይሻል። የመተከል ዞኗ ወረዳ በአንዱ ሰነድ «ቡለን»፣ በሌላው «ቡሌን» ተብላ ትጻፋለች፤ ግሬፕ ደግሞ የታሰበውን ሳይሆን የተጻፈለትን ነው የሚፈልገው። መፍትሔው አማራጮቹን በማዕዘን ቅንፍ ማስገባት ነው፦ ቡ[ለሌ]ን። «አለም»ንና «ዓለም»ን በአንዴ ለመያዝም [አዓ]ለም ይባላል። ሞክሼ ፊደላት ላሉን ለእኛ ከመሣሪያው ሁሉ ጠቃሚው ይኸው ቅንፍ ሳይሆን አይቀርም። ትልቅና ትንሽ ፊደል እንዳይለይ የሚያዘው አማራጭ በግዕዝ ፊደል ላይ ሥራ የለውም።

ቅንፉ የሚሠራው ግን ሲስተሙ የግዕዝን ፊደል በትክክል ሲያነብ ነው። የግዕዝ ፊደል የፊደላት ዓለም አቀፍ የኮድ ሥርዓት ወደሆነው ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዩኒኮድ ፋይል ላይ በሚጻፍበት በዩቲኤፍ-8 አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የሲስተሙ የቋንቋ መቼት ይህን ካላወቀ፣ ቅንፉ ፊደሉን ትቶ ባይቱን ይቆጥርና ፋይሉ ላይ ቁልጭ ብላ የተጻፈችውን ቡለን ሳያገኛት ያልፋል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየቡ ሰነዶችም መጀመሪያ ካልተቀየሩ በአማርኛ አይፈለጉም።