በደማምና በኮበር የመንግስት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለልጅሽ ይሆናል ወይ?

ሳዑዲ ውስጥ የመንግስት ትምህርት ቤት ለውጭ ሀገር ልጅም በነፃ ነው። መጽሐፉም አይሸጥም፣ ይሰጣል። ይሄን የሰማች እናት ወዲያው "እንግዲያው ላስገባው" ትላለች። ነፃ መሆኑ እውነት ነው። ግን ልጁ በሩ ጋ እስኪደርስ ያለው ወጪና ከገባ በኋላ የሚገጥመው ቋንቋ ቀድሞ መታሰብ አለበት። ይሄ ጽሑፍ በተለይ ልጃቸው በአባቱ ኢቃማ ስር አብሯቸው ለሚኖር፣ 5 እና 6 አመት ለደረሰባቸው እህቶች ነው። ልጇ ሀገር ቤት ላለችም መጨረሻ ላይ ትንሽ ነገር አለ።

መጀመሪያ ኢቃማው

ልጁ የሚመዘገበው በራሱ የኢቃማ ቁጥር ነው። ምዝገባው "ኑር" በሚባለው የትምህርት ሚኒስቴር ሲስተም በኢንተርኔት ነው የሚካሄደው፣ አብዛኛውን ጊዜም በአባትየው ስም በተከፈተ አካውንት ነው። እዚህ የተወለደ ልጅ ኢቃማ እንዲያገኝ ወረቀቱ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። ሆስፒታሉ የወሊድ ማሳወቂያ ይሰጣል፣ በሱ ከአህዋል የልደት ሰርተፍኬት ይወጣል፣ በሰርተፍኬቱ ሪያድ ካለው ኤምባሲያችን ፓስፖርት ይወጣል፣ በፓስፖርቱ ጀዋዛት ኢቃማ ያወጣል። አህዋል ደግሞ የጋብቻ ወረቀት ይጠይቃል። ኒካህ በሽማግሌ ብቻ አስረው ወረቀቱን ያላስጨረሱ ሰዎች ችግራቸው የሚወጣው ልጁ 6 አመት ሲሞላው ነው። ስለዚህ ልጅሽ ገና የ2 አመት ቢሆንም ወረቀቱን አሁን ጀምሪው።

የቤት ሰራተኛ ወይም የቤት ሾፌር ኢቃማ ያለው ሰው በአብዛኛው ቤተሰብ በስሙ ማድረግ አይችልም። የድርጅት ኢቃማ ያለው ባል ካለ ግን በሱ ስር ይሆናል፣ ክፍያ ግን አለው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 100 ሪያል ተብሎ ተጀመረ፤ በየአመቱ 100 እየተጨመረበት በ2020 ወር 400 ገባ። ይሄ በአመት 4,800 ሪያል ነው፣ ለአንድ ልጅ ብቻ። የሚከፈለውም ኢቃማ ሲታደስ ቀድሞ ነው። ሁለት ልጅ ካለ 9,600። "የመንግስት ትምህርት ቤት በነፃ ነው" ስትባይ ይሄንን ቁጥር አጠገቡ አስቀምጪው።

ልጁ ኢቃማ ከሌለው "በሰው በኩል እናስገባዋለን" ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ አትስሚ። ትምህርት ቤቱ ክፍያ የለውም፣ ደላላው የሚሸጥልሽ ነገር የለውም። የወረቀቱን ነገር ከኤምባሲ ጀምሪ።

አንደኛ ክፍል የሚገባው 6 አመት የሞላው ልጅ ነው። ከመግባቱ በፊት በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ምርመራ አለ፣ ቀጠሮው "ሲሀቲ" በሚባለው አፕ ይያዛል። የክትባት ካርዱን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እንዳትጥዪው። ለውጭ ዜጋ ልጆች ያለው ቦታ የተወሰነ ስለሆነ ምዝገባ እንደተከፈተ መግባት ነው። ትምህርት የሚጀምረው ነሐሴ ውስጥ፣ የሀገር ቤት ልጆች ገና ክረምት እረፍት ላይ እያሉ ነው።

አረብኛው

ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ሁሉም ትምህርት በአረብኛ ነው፣ እንግሊዝኛ ለብቻው አንድ ትምህርት ነው። አረብኛውም ልጅሽ ከጎረቤት ልጅ የለመደው ዓይነት አይደለም። መጽሐፉ በፉስሃ ነው፣ ሰፈሩ የሚያወራው ሌላ ነው። "ልጄ አረብኛ ይችላል" የምትል እናት ብዙ ጊዜ "ሱቅ ሄዶ ይገዛል" ማለቷ ነው።

ቀላል መፈተኛ አለ። የአንደኛ ክፍል የአረብኛ መጽሐፍ "ሉጋቲ" ይባላል። ልጅ ያላት ጎረቤት ሱዳናዊት ወይም የመናዊት ካለች ባለፈው አመት የተማሩበትን አውሺያት። እሷው ለልጅሽ አንድ ገጽ ታንብብለትና ስለሰማው ነገር ትጠይቀው። ገብቶት ከመለሰ፣ ተሳስቶም ቢሆን፣ ጥሩ ነው። ዝም ብሎ አፏን የሚያይ ከሆነ የቀሩትን ወሮች ለአረብኛ አውያቸው። ሙስሊም ለሆናችሁ ከሰዓት በኋላ መስጊድ ያለው የቁርአን ሒፍዝ ፊደሉን ቶሎ ያስይዛል። ለሌላው ደግሞ መዋዕለ ሕጻናት አንድ አመት እንኳን ቢቆይ ብዙ ለውጥ አለው።

ከልጁ ሌላ የአንቺም አረብኛ ይፈተናል። ማዳም ቤት የለመድነው አረብኛ የወጥ ቤት አረብኛ ነው፣ ይናገራል እንጂ አያነብም። የቤት ስራውና ማስታወቂያው ግን የሚመጣው በጽሑፍ ነው። በኮሮና ጊዜ በ2020 የተከፈተው "መድረሰቲ" የሚባለው የትምህርት መድረክ ሁሉ ነገሩ አረብኛ ነው። ስልክ ፎቶ አንስቶ ይተረጉማል፣ ያ ይረዳል። ግን ማታ 4 ሰዓት ከስራ ገብተሽ የልጅ ደብተር በስልክ እየተረጎምሽ ማስጠናት በየቀኑ የሚቻል ነው ወይ? አባቱ ወይም ታላቅ እህቱ የሚያነብ ካለ ሌላ ነገር ነው።

ቁርአንና የእስልምና ትምህርት ለሁሉም ተማሪ ነው የሚሰጠው። ሙስሊም ቤተሰብ ይሄንን እንደ ትርፍ ያየዋል፣ ልክም ነው። ክርስቲያን ቤተሰብ ግን ልጁ ቤት የሚሰማውና ክፍል የሚማረው እንደሚለያይ አውቆ፣ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ተነጋግረው መግባት አለባቸው። ከገባ በኋላ መጨቃጨቅ ልጁን ነው የሚጎዳው።

ሄደሽ እዪው

ወንድና ሴት ለየብቻ ነው የሚማሩት። ከ2019 ወዲህ ግን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ወንዶችን ሴት አስተማሪዎች የሚያስተምሩባቸው ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፤ ለትንሽ ልጅ ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ። ሴት ልጅ ካለሽ አባቷ ግቢ ውስጥ ገብቶ አያይም፣ መሄድ ያለብሽ አንቺ ነሽ። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ከእሁድ እስከ ሐሙስ ነው፣ የብዙዎቻችን እረፍት ደግሞ አርብ። ስለዚህ ማዳምን አንድ ጠዋት አስቀድመሽ አስፈቅጂ፣ ምክንያቱንም ንገሪያት። ልጅ ያላት ሴት ይሄን ትረዳለች፣ እንዲያውም ደውላ የምታጣራልሽም አለች።

ህንጻውን ብቻ አትዪ። ልጆች ሲለቀቁ በሩ ጋ ቁሚ። ሱቅባ ወይም ደማም ያለው አዳማ ሰፈር (የኛ ናዝሬት እንዳይመስልሽ) የውጭ ሰው የሚበዛበት ስለሆነ የሱዳን፣ የየመን፣ የቻድ እናቶች ታገኛለሽ። እነሱን ጠይቂ። አስተማሪዋ የማይናገር ልጅ ሲገጥማት ምን ታደርጋለች? ልጆች በቀለም ሲሰድቡት ማን ይሰማል? አንድ ክፍል ስንት ልጅ አለ? ዳይሬክተሯ የማትነግርሽን እናቶቹ ይነግሩሻል።

ሰዓቱንም አስቢ። ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ይገባሉ፣ 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ ይወጣሉ። ያን ጊዜ አንቺ ምሳ እያቀረብሽ ነው። ማን ይቀበለዋል? መስከረም ላይ ደማም ሙቀቱ ገና አልበረደም፣ የ6 አመት ልጅ በእኩለ ቀን ብቻውን አይሄድም። ለዚህ መልስ ከሌለሽ የቀረው ሁሉ ቢሟላም ትምህርት ቤቱ ላንቺ አይሆንም።

ስንት አመት ትቆያላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። ልጆችም አብረው ነበሩ። ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ የለመደ የ4ኛ ክፍል ልጅ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሲገባ ሀ ሁ አያውቅም፣ ከትንንሾች ጋር ሊቀመጥ ነው። እዚያ ደግሞ 6ኛ ክፍልና 8ኛ ክፍል ላይ ፈተና ይጠብቀዋል። ስለዚህ እዚህ የሚማር ልጅም ቤቱ ግድግዳ ላይ የፊደል ገበታ ይኑረው። በቀን አንድ ረድፍ ብቻ ከተማረ 33ቱን ረድፍ በወር ከሶስት ቀን ይጨርሳል። ስትመለሱም የክፍል ውጤቱን በትምህርት ሚኒስቴር፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲያችን አስጸድቃችሁ ያዙ፤ ሀገር ቤት ሆኖ ማስጸደቅ ከባድ ነው።

እኔ እንደማየው 4 እና 5 አመት ለመቆየት ኢቃማው የሚያስተማምን ቤተሰብ፣ አረብኛ የሚያነብ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ያስገባው። በአንድ ሁለት አመት የሚወጣ ቤተሰብ ግን ልጁን በአማርኛ ቢያስጀምረው ይሻላል። የኢትዮጵያ ኮሚኒቲ ትምህርት ቤቶች ሪያድና ጅዳ አሉ፣ ግን ሪያድ ከኛ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጅዳ ከ1,000 ያልፋል። ደማም ያለው የህንዶች፣ ኮበር ያለው የፓኪስታኖች ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ነው፣ በክፍያ ነው። ፈቃድ ሳይኖራቸው በየቤቱ ልጅ ሰብስበው የሚያስተምሩ ጋ ከማስገባት ግን የመንግስቱ መቶ እጥፍ ይሻላል፤ የነሱ ወረቀት የትም አይሰራም።

ልጇ እናቷ ጋ ላለች

አዲስ አበባ የመንግስት ትምህርት ቤት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ለትንንሽ ልጆች ምግብ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ይሰጣል። ስለዚህ ለግል ትምህርት ቤት ከመላክሽ በፊት የሰፈሩን እናትሽ ሄዳ ትየው። አማራ ክልል ያለ ልጅ ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተነሳው ጦርነት ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቆይቷል። "ተመዝግቧል" ሲሉሽ "ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ተማረ?" በያቸው። የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ፣ ቀኑን እዪ።